መለኪያው እንዳይቆሽሽ

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ።

«የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከእድራችን ጋር ተስማምተው፣ የመኪናውን ጭስና አቧራ የሚለካ መሣሪያ መንገድ ዳር ባሉት ቤቶቻችን ላይ ሰቀሉልን።»

«ለምን አስፈለገ እማማ?»

«ልጆቻችን በሳል አለቁ። ከመኪናው ይሁን ከሌላ፣ ይታወቅልን ብለን ነዋ።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«አየራችሁ ንጹሕ ነው አሉን።»

«በዚህ መንገድ ዳር? እንዴት ሆኖ?»

«የሰው ዕቃ አይደል? ሊወስዱት ሲመጡ ቆሽሾ ቢያገኙትስ ብዬ በፌስታል ሸፈንኩት።»

«ፌስታሉን ነዋ የለካው። የሸፈኑት እርስዎ ብቻ ነዎት?»

«ጎረቤቶቼም ሸፍነዋል። አንዷማ በነጠላዋ ነው የጠቀለለችው።»

«አሁን ወዴት ነው ታዲያ?»

«የዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ መሐል ሜዳ ስብሰባ አላቸው። የሆነውን ነግሬ እንደገና ስቀሉልን ልላቸው ነው።»

«ይስቁብዎታል እኮ።»

«ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ግን ሳይሰቅሉልን አይሄዱም። ከእንግዲህ የመሣሪያውን አቧራ የሚያራግፍ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ጉልበቴ ላይ ያረፈውን አቧራ ላራግፍ ያነሳሁትን እጄን ቀስ ብዬ መለስኩት።