ከአምቦ እስከ ጉደር በብስክሌት የተጓዙት የወይዘሮ ወርቅቱ ሂርጳ ዜና ሕይወት

ከእንጭኒ፣ ከሸነንና ከአምቦ ዙሪያ ሥራችሁን ትታችሁ እህታችንን ለመሸኘት በዚህ ደብር ግቢ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ ሕይወታቸውን በአጭሩ እናሰማችኋለን፤ ምንም እንኳ ወይዘሮ ወርቅቱ በሕይወት ሳሉ ነገርን በአጭሩ መቁረጥ የማይወዱ ቢሆኑም።

ወይዘሮ ወርቅቱ ከአባታቸው ከኦቦ ሂርጳ ጉዩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳዲ ለሊሳ በ1967 ዓ.ም. በእንጭኒ አቅራቢያ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ በመሆናቸው ታናሽ እህታቸውን ዱረቲን አዝለው፣ ታናሽ ወንድማቸውን ዲንሳን፣ ማለትም ይህን ወረቀት ይዞ የቆመውን ሰው፣ በእጁ እየጎተቱ አሳድገዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንጭኒ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአምቦ ካጠናቀቁ በኋላ በጽሕፈት ሙያ ሠልጥነው በ1987 ዓ.ም. በሸነን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ፤ በኋላም ወደ አምቦ ተዛውረው ሕመም እስኪያስቀራቸው ድረስ በዚያው ሙያ አገልግለዋል። እርሳቸው ያስቀመጡት ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፤ ፋይል ወስዶ ያልመለሰ ኃላፊ ግን ተከትለውት ሲመጡ በገዛ ቢሮው መግቢያ ይጠፋው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ከመምህር ቶኩማ ጋር ትዳር መሥርተው መቲንና ሆርዶፋን ወልደዋል።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ በሸነን ይኖሩ የነበሩት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ዱረቲ ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት ለወራት ከደበቁ በኋላ አዲስ አበባ ተወስደው ተመረመሩ። ሐኪሙም እንደ አገራችን ልማድ ታማሚዋን አልጋ ላይ ትቶ፣ ቤተሰቡን ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ የጡት ካንሰር መሆኑን፣ ሕክምናው ሳይቋረጥ ከተከታተሉ ግን ተስፋ እንዳለ ነገረ። ቤተሰቡ እዚያው ቆሞ መከረና፣ ስሙን ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች በማለት፣ ተራ እብጠት ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል ተብሎ እንዲነገራቸው ወሰነ። የምርመራውን ወረቀት በቦርሳቸው የደበቁት ወይዘሮ ወርቅቱ ነበሩ። ወይዘሮ ዱረቲ ከሁለት ዙር ሕክምና በኋላ እብጠቱ ሲቀንስላቸው ድኛለሁ ብለው፣ የጤፍ አጨዳም ደርሶባቸው ስለነበር፣ ለሦስተኛው ቀጠሮ አልሄድም አሉ። ቤተሰቡ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሽማግሌ ላከ፤ እውነቱን ብቻ አልነገራቸውም። ከሰባት ወር በኋላ ሲመለሱ ሕክምናው ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አልነበረም፤ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ወር በሠላሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ቢሊሴን ወይዘሮ ወርቅቱ ወደ ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጓት።

ወይዘሮ ወርቅቱ በ2014 ዓ.ም.፣ በአርባ ሰባት ዓመታቸው፣ በአምቦ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆኑ። ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ የቤት ሥራቸውን ግን ለማንም የማያስኮርጁ ተማሪ ነበሩ። በዓመቱ የኮሌጁ ተማሪዎች ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የሚሆን ከአምቦ እስከ ጉደር የደርሶ መልስ የብስክሌት ጉዞ ሲያዘጋጁ፣ በዕድሜያቸው ብስክሌት ላይ ወጥተው የማያውቁት እህታችን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመዘገቡ። መምህር ቶኩማ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሜዳ ሲያለማምዷቸው ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይስቅ ነበር፤ “አዴ ወርቅቱ፣ ሰርከስ ልትገቡ ነው እንዴ?” ላላቸውም ሰው፣ “አዎ፣ አንተ ደግሞ ትኬት ቁረጥ” ብለው ልምምዳቸውን ቀጠሉ።

የምዝገባው ቅጽ ተሳታፊው የሚጓዝበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሌላው ተማሪ በአንድ መስመር ያለፈውን፣ እርሳቸው የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሞልተው የእህታቸውን ነገር ጻፉ፤ ከማስገባታቸውም በፊት ለቢሊሴ አነበቡላት። እናቷ ሕመማቸውን ሳያውቁ እንደሞቱ፣ ወረቀቱን የደበቁትም አክስቷ እንደሆኑ ልጅቷ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ጽሑፉ ሲያበቃ እንዲህ ይላል፦ “እህቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ወረቀቷን ደበቅሁ። ብነግራት ኖሮ ቀጠሮዋን አታስቀርም ነበር። ይህን ብቻዬን ይዤው መኖር ስላቃተኝ፣ ሰው ባለበት መንገድ ላይ ልወጣ ነው።” ቢሊሴ ሦስት ሳምንት አላናገረቻቸውም። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ ሦስት ሳምንት።

በጉዞው ዕለት ጉደር ደርሰው ሲመለሱ ከሁሉም ኋላ ቀርተው፣ ዳገቱ ላይ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ሳሉ፣ ቢሊሴ ከአምቦ በእግሯ መጥታ መሪውን በሌላው ወገን ያዘች። ዳገቱን አብረው ገፍተው ጨረሱ። ከተማ ሲገቡ አዘጋጆቹ ድንኳኑን ነቅለው፣ ወንበሩን ሰብስበው ሄደዋል።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወይዘሮ ወርቅቱ ገላቸውን ሲታጠቡ በግራ ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙና በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ባለቤታቸውንና ወንድማቸውን ዲንሳን ወደ ኮሪደር ጠራ። ያን ሁሉ ያዩት ሁለት አዋቂ ሰዎችም ቃሉ ካፋቸው አልወጣ ብሏቸው፣ ለጊዜው እንዳትሰማ ተባባሉ። ይህን የሚያነበው ሰው ለመናገር ያፍራል፤ ግን ሆኗል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ቢሊሴ ከአጠገባቸው ቆማ ሰምታ ነበርና፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ “አክስቴ፣ ካንሰር ነው። አንድም ቀጠሮ አናስቀርም” አለቻቸው። ወይዘሮ ወርቅቱ አለቀሱ፤ ካለቀሱም በኋላ የቀጠሮውን ቀን በደብተራቸው እንድትጽፍላቸው አዘዟት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ወር ቀጠሮ ሳያጓድሉ ታከሙ፤ መቲን ዳሩ፤ ትምህርታቸውንም እስከ ሦስተኛ ዓመት ገፉ። በሕክምና ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ሁሉ፣ ምን እንዳለብሽ ጠይቂ፣ ወረቀትሽንም ራስሽ ያዢ እያሉ ይመክሩ ነበር። ሕመሙ ወደ ጉበታቸው በመዛመቱ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ዐረፉ። በዚህ ወረቀት ላይ “ባደረባቸው ሕመም” ተብሎ እንዳይታለፍ አደራ ብለዋልና፣ ያረፉት በጡት ካንሰር ነው።

ወይዘሮ ወርቅቱ ባለቤታቸውን መምህር ቶኩማን፣ ልጆቻቸውን መቲን፣ ሆርዶፋንና ቢሊሴን፣ ወንድማቸውን ዲንሳን፣ እንዲሁም የሥራና የትምህርት ባልደረቦቻቸውን በሐዘን ትተው ተለይተውናል።

ከስምንት ዓመት በፊት ሸነን ላይ የወይዘሮ ዱረቲን ዜና ሕይወት የጻፈውም ያነበበውም ይኸው ሰው ነበር፤ የሕመማቸውን ስም ግን አልጻፈም። ዛሬ ልጃቸው እየሰማች ይነበባል። ወይዘሮ ዱረቲ ሂርጳም ያረፉት በጡት ካንሰር ነው፤ እኛ እያወቅን አልነገርናቸውም። እግዚአብሔር የሁለቱን እህቶች ነፍስ በመንግሥቱ በአንድነት ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን። አሜን።