ስድስት ነጥብ ሁለት ቮልት

— ሄሎ… ሄሎ? አዎ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ነው። መምህርት ዲላራ ነኝ። ማን ልበል?

— ሸርሚን? የትኛዋ ሸርሚ… እ፣ አንቺ ነሽ። በጠዋቱ ደግሞ ምን ፈለግሽ? ትናንት የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ እኮ። ስምሽ ከፈተናው ዝርዝር ወጥቷል፣ አለቀ።

— እንዴት "ለምን" ትያለሽ? ሦስት ቺፕ አቃጥለሽ፣ ደብተርሽ ላይ የውሸት ቁጥር ጽፈሽ… አታልቅሺ። ለቅሶ መልስ አይሆንም። ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ያ ጩኸት ምንድን ነው?

— ጀልባ መሳፈሪያው ጋ ነሽ። ወደ ቤት ልትገቢ። አባትሽ ያውቃሉ?… አያውቁም። ዓመቱን ስትደግሚ ማወቃቸው አይቀር።

— እሺ በይ፣ ሁለት ደቂቃ ሰጥቼሻለሁ። ፈታኙ ከዳካ መጥተው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሻይ እየጠጡ ነው። አራት ሰዓት ላይ እዚህ ይገባሉ።

— ስሚ ልጄ። ሠላሳ አንድ ተማሪ ያንን ቮልት የሚገድብ ዜነር ዳዮድ ለክቶ አምስት ነጥብ አንድ ቮልት ብሎ ጻፈ። ታውሂድ፣ አምስት ነጥብ አንድ። ከጎኑ የምትቀመጠዋ፣ አምስት ነጥብ አንድ። አንቺ ብቻ ስድስት ነጥብ ሁለት። ሠላሳ አንዱ ዕውር፣ አንቺ ብቻ ዐይናማ?

— ለካሁ ትያለሽ። መቼ? ሙከራው የተሠራ ቀን አልነበርሽም፣ መዝገቡ እዚሁ ነው… በሳምንቱ? ብቻሽን? ማን ከፈተልሽ?… ጋሽ ሶብሃን? ጋሽ ሶብሃን፣ ወዲህ ይምጡ እስቲ፤ እርስዎ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ የያዙት ለማንም እንዲከፍቱ ነው?… "ታማ ነው የቀረችው፣ አሳዘነችኝ" ይላሉ። ጥሩ። ለኔ ማን ይዘንልኝ።

— አለሁ። እሺ፣ ገብተሻል ብለን እንያዝ። ወንድምሽ ግን ሞባይል ጠጋኝ አይደለም እንዴ? ገበያው መሃል ሱቅ ያለው?… አየሽ። ዳዮዱን ከሱ ሱቅ አምጥተሽ አልለወጥሽውም?… አትማዪብኝ። በመሐላ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ቤተ ሙከራ ምን ይሠራልናል?

— ምን? አሁን ልለካው? አንቺ ነሽ የምታዝዢኝ?… ቆይ። ይሁን። ለክቼ አፍሽን ላስዘጋሽና እንገላገል። ጋሽ ሶብሃን፣ የዚችን ልጅ የሙከራ ሰሌዳ ወዲህ ያምጡልኝ። ሽቦውን እንዳይነቅሉት፣ እንዳለ። ስልኩን ትከሻዬ ላይ ደግፌዋለሁ፣ ተናገሪ።

— ሬዚስተሩ አለ… ዳዮዱም፣ ቀለበቱ ወደ ላይ። እሱን እኮ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አበራሁት። ቆይ እስቲ…

— ስድስት ነጥብ ሁለት ይላል።

— አትቸኩዪ፣ አትቸኩዪ። ባትሪው የደከመ መለኪያ አብዝቶ ያነባል፣ ይሄ ደግሞ የኔ ዕድሜ እኩያ ነው። ጋሽ ሶብሃን፣ አዲስ ባትሪ። መሳቢያው ውስጥ… ከሩዝ ፈንዲሻው ሥር። የቤተ ሙከራ መሳቢያ ውስጥ ፈንዲሻ ምን ይሠራል? ይሁን፣ ያምጡት።

— … ስድስት ነጥብ ሁለት።

— ዝም በይ እስቲ። ያንቺን ዳዮድ ማን አመነው? የታውሂድን ሰሌዳ ይስጡኝ፣ ጋሽ ሶብሃን… ስድስት ነጥብ ሁለት። ያንን ደግሞ፣ የጥጉን… ስድስት ነጥብ አንድ ዘጠኝ።

— አልዘጋሁም፣ አለሁ። መነጽሬን ፍለጋ ነው። ዳዮዱ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለ፣ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው። የእርስዎ ዐይን ይሻላል፣ ያንብቡልኝ… ስድስት፣ ከዚያ?… ሁለት።

— እነዚህ መቼ ነው የመጡት፣ ጋሽ ሶብሃን?… ካቻምና። የድሮዎቹ አምስት ነጥብ አንዶች ሲያልቁ። ማን ተረከባቸው?… ተዉት፣ መዝገቡን አያምጡ። እኔ ነኝ። ከካርቶኑ ወደ መደርደሪያው፣ አንዷንም ሳልለካ።

— ሄሎ… አለሁ ሸርሚን። እንዲያው ሠላሳ አንዱ ይሄን አምስት ነጥብ አንድ ከየት አመጡት?… ከታላላቆቻቸው ደብተር። ታላላቆቹስ?… ከነሱ ታላላቆች። ስንት ዓመት ሙሉ! ታዲያ አንቺ ለምን አልገለበጥሽም?

— "ደብተሩ እኔ ጋ ሳይደርስ ቀረ።" በይ ተመስገን። ሐቀኛ ስለሆንኩ ነው ብትዪኝ ኖሮ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ነበር የምዘጋው። ይሄኛውን አምናለሁ።

— ቺፖቹስ?… ቀስ ብለሽ ንገሪኝ… አዎ፣ ለዲጂታሉ ሙከራ ኃይል የሰጠናቸው ከዚሁ ሰሌዳ ነው። ለአምስት ቮልት የተሠራ ቺፕ ስድስት ነጥብ ሁለት ሲሰጡት… ይግላላ። ይግልና ይሞታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የነካችሁት ሁሉ የሚነድ፣ እጃችሁ አይባረክ እያልኩ ስረግማችሁ ኖሬ። አፈርኩ፣ ሸርሚን። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

— አንቺ ምን ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ? ተይ። የበደልኩሽ እኔ ነኝ፣ ጠያቂዋም እኔ ነኝ።

— ስሚኝ አሁን። ስምሽን በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው… ሠላሳ ሁለተኛ። ሪክሾ ይዘሽ ነይ። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ፣ ዝም ብለሽ ነይ። ለታውሂድ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። የሠላሳ አንዱ ቁጥር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተፍቆ ስድስት ነጥብ ሁለት ሆኖ ቢገኝ አልገረምም፣ አውቃችኋለሁ።

— ቆይ፣ በር ተንኳኳ… ፈታኙ ናቸው? ገና ለአራት ሩብ ጉዳይ አይደል እንዴ?… ምን አሉኝ፣ ጋሽ ሶብሃን? ቀስ ብለው ይንገሩኝ።

— የለም። የተማሪዎቹን ደብተሮች ቁም ሳጥን ውስጥ አይደብቁ። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ፣ ተከፍተው ይቀመጡ… አውቃለሁ። ፊርማው የኔ መሆኑን መች አጣሁት? "ታይቷል፣ ትክክል ነው" ብዬ ሠላሳ አንዱም ላይ ፈርሜያለሁ። ያልፈረምኩት የሷ ላይ ብቻ ነው።

— ሸርሚን፣ ልዘጋው ነው… ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ። ሻይዎን ይዘው መምጣትዎ ጥሩ፣ ይቀመጡ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አንዴ ይቺን መለኪያ ይያዙልኝና ዳዮዱን ራስዎ ይለኩት።