ከድልድዩ የወጣው አሥራ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ

ዛሬ በሐዘን የምንሸኛቸው፣ ኖራ ከእጃቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ኖራ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከግንበኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከድንጋዩ ድልድይ ማዶ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢማሩም፣ ልባቸው ድልድዩ ላይ ስለ ነበር አባታችንን ተከትለው ድንጋይ መጥረብና ኖራ ማቡካት ጀመሩ።

ባለ ሦስት ቅስቱን ድልድይ አያታችን ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ብረት ሳያስገቡ በጥርብ ድንጋይና በኖራ የሠሩት ሲሆን፣ ኖራው የገባውን ውኃ መልሶ ስለሚያስወጣ ክረምት በመጣ ቁጥር እየረጠበና እየደረቀ መቶ ዓመት ኖሯል። ወንድሜም በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሠላሳ ዓመት ሲጠግኑት፣ ውድ ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ከዚያማ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ መጡ። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋልና ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ኖራ የድሮ ሰው ነገር ነው ብለው መገጣጠሚያው ሁሉ በሲሚንቶ እንዲደፈን አዘዙ፤ ወንድሜ ውኃው መውጫ ያጣል ብለው እምቢ ቢሉም በሌላ ሰው እጅ ተደፈነ። በሦስተኛው ክረምት ድንጋዩ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ እኚህ ሰው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጥፋቱ የግንበኛው ነው ብለው ጽፈው፣ ወንድሜን ከሥራ አስባረሩ፤ ድልድዩንም ለመኪና አዘጉ።

ወንድሜ ግን እሑድ እሑድ ከቅስቱ ሥር በገመድ እየተንጠለጠሉ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ሲሚንቶ በትንሽ መሮ ፈልፍለው አውጥተው በኖራ ተኩት። አምና መርማሪዎች መጥተው ድልድዩ ደህና ነው በማለታቸው ለመኪና ሲከፈት፣ ሪባን የቆረጡትና የተጨበጨበላቸው መሐንዲሱ ናቸው። ወንድሜ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ያዩ ነበር።

የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ዐረፉ። መሐንዲሱንም አልረሷቸውም፤ ከድልድዩ የወጣውን አሥራ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ላዘዘው ሰው መልሱለት ብለው ተናዝዘዋል። ይህ ሲነበብ የልጆቻቸው ባሎች ጆንያዎቹን ከመሐንዲሱ ግቢ በር ላይ እያራገፉ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት መሆኑን አስቀድመን አይተናል።

ፈጣሪ ለወንድሜ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለመሐንዲሱም ረጅም ዕድሜና ጤናን ይስጥልን፤ ጆንያ ማንሳት ጤና ይፈልጋል።