የክት መኪና እና የዘወትር መኪና

ነዳጅ ሰልፍ ላይ መገናኘት እንደ አጋጣሚ ከተቆጠረ፣ እኔና ሐጂ ሙህዲን የተገናኘነው በአጋጣሚ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የተገተረው ግዙፍ የናፍጣ መኪና የእሳቸው ሆኖ አገኘሁት። ሐጂ የሰፈሬ ሰው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ለጋስ፣ ሰው አክባሪ፣ ሲበዛ ደግሞ ግትር። ያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሰሚራ ለብሳ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው» አሉኝ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰሚራን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ፊዚዮቴራፒውን ካቋረጡ መራመዱ እንደሚቀር ሐኪሙ አስጠንቅቋል። ባጃጅ ያንገጫግጫቸዋልና አይሆንም።

«ያለፈው ቀጠሮም በዚሁ ሰልፍ አመለጠን። ግድ የለም፣ ይህን አሮጌ ሸጬ ሌላ ልገዛ ነው። ከዚህ የሚተልቅ!»

ይህን ሲሉ የሰፈራችን ልጅ ሐዳሳ ሰላም ልትለን ከባጃጅ ወረደች። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ ምላሷም እንደ ትምህርቷ የሰላ ነው።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ያቆመዎት የዚህ መኪና ሆድ አይደል? ሌላ ሆዳም ሊጨምሩ ነው?»

«ልጄ፣ ታዲያ ለአረፋ አገር ቤት ወራቤ በምን ልሂድ? ወንድሞቼ ደጅ ወጥተው ነው የሚጠብቁኝ። በጫጩት መኪና ብደርስ ሙህዲን ከሰረ ይሉኛል።»

«አረፋ በዓመት አንዴ ነው። በሌላው ቀንስ?»

«አዲስ ከተማ ካለው ቤቴ ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ፣ ከዚያ ሰሚራን ሐኪም ቤት።»

«እትዬ ሰሚራ እዚህ ከፍ ያለ መኪና ላይ እንዴት ይወጣሉ?»

«አቅፌ ነዋ የማወጣት» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እናቴ ለየቀኑ የምትለብሰውን ስትፈልግ ሐር አምሯት ‹ይሄ የክት ነው፤ የዘወትሩን ልስጥሽ› ብለው የመለሷት እርስዎ አይደሉም? ታዲያ መኪና ሲሆን ለምን የክቱን ለዘወትር ይመርጣሉ?»

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። ነጋዴን በገዛ ምክሩ መያዝ ይሏል ይህ ነው። ግን ወዲያው አልተረቱም።

«በባትሪ ብቻ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛና መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅብኝስ? ሰሚራን አዝዬ ልሄድ?»

«ስጋትዎ እውነት ነው። ስለዚህ ባትሪም ቤንዚንም ያለውን ይምረጡ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ሃይብሪድ ሶኬት አይፈልግም፤ ፍሬን ሲይዙ የሚባክነውን ጉልበት ለባትሪው ያጠራቅማል፤ ነዳጅ ይቆጥባል እንጂ ያለ ነዳጅ አይኖርም። ፕላግ-ኢን የሚባለው ግን ማታ ግቢዎ ውስጥ እንደ ስልክ ይሰካል፤ የከተማውን ደርሶ መልስ በመብራት ይጨርሳል። ወራቤ ሲሄዱ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲያድር፣ ቤንዚኑ ይረከበዋል።»

«ለእኔስ?» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«ጋሼ መክብብ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሆነው ገመዱን በመስኮት ሊያወርዱ ነው? ለእርስዎ ተራው ይሻላል።»

ሳቃችን ሳያበቃ የሐጂ ስልክ ጮኸ። የወይዘሮ ሰሚራ ድምፅ ለእኛም ተሰማን።

«ሙህዲን፣ ሰዓቱ አለፈ መሰለኝ። ልብሴን ላውልቀው?»

ሐጂ «አውልቂው፣ ሰሚራ» አሉ። ስልኩን ዘግተውም «ለወንድሞቼ ዓይን ስል ሚስቴን በር ላይ አቆምኳት» አሉ። ወደ ሐዳሳ ዞረው «የሚሰካውን አስመርጭኝ፣ ልጄ» አሏት።

አንባቢዬ፣ መኪና ከመምረጥህ በፊት መንገድህን አስተውል፤ የት እንደምታድር፣ ሶኬት የት እንዳለህ፣ ዘወትር ማንን እንደምታደርስ። ሐጂ ይህን አስተውለው የሚሰካውን በገዙ ማግስት ለከተማው መንገድ ሰልፍ መጠበቅ ቀረላቸው፤ የሰፈሩም ጭስ ቀነሰ፤ ቀጠሮ ማሳለፍ ቀረ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሐዳሳን ማማረራቸው ብቻ አልቀረም።

ለአረፋ ጋብዘውኝ አብሬያቸው ወራቤ ሄድኩ። ልጆቻቸው በኪራይ ሚኒባስ ተከተሉን። ታላቅ ወንድማቸው ደጅ ቆመው ዝቅ ያለችውን መኪና አዩና «ሙህዲን፣ ንግድ ቀዘቀዘ እንዴ?» አሉ።

ሐጂ ሊመልሱ ሲሉ የወዲያኛው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ሰሚራ እግራቸውን መሬት አስነክተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንም ሳያቅፋቸው ወረዱ። ቀስ እያሉም ወደ አማታቸው ቤት ሄዱ።

ሐጂ ለወንድማቸው ሚስታቸውን በአገጭ ጠቆሙና ተከትለው ገቡ።