የማያመው እግር

ከዘመሮ ስንነሳ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ፣ ከወዲያ በኩል ለተጠጋቻቸው ለማያውቋት ሴት ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩ።

«ጸበል ገብቼ ዳነልኝ። አሁን ምንም አያመኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ግን አብጧል እኮ።»

«እብጠቱን ተዪው። ድሮ ቅዳሴ ቆሜ መጨረስ ያቅተኝ ነበር። ትናንት ማኅሌቱን ያለ መቋሚያ ቆምኩ።»

«ሲረግጡ መሬቱ ይሰማዎታል?»

«እንደ ጥጥ ነው። ቀለለኝ።»

«ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለብህ ብለውኛል። ምነው?»

«አባቴም እንደ ጥጥ ነው ይል ነበር።»

«እሳቸውም ዳኑ?»

«ሕመሙማ ጠፋ። ሐኪሙ ግን የሞተው ነርቩ ነው አለን። መገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ሲፈጭ ምንም ስላልተሰማው፣ ደስ ብሎት ሲያርስ ከረመ።»

«በኋላስ?»

«አንድ ቀን እርሻው ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ታጠፈ። ያኔም አላመመውም።»

ቄሱ ቁርጭምጭሚታቸውን ደባበሱ።

«እኔ እኮ ብድን በየቀኑ ልሰግድ ተስያለሁ።»

«ጀመሩ?»

«ጀመርኩ እንጂ!»

«ሐኪም እስኪያይዎት አይስገዱ፣ አባ። በዚህ እግርም አይቁሙ።»

«ስለቴን ላፍርስ? ምንም ሳያመኝ?»

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከቅድም ጀምሮ እግርዎን ረግጬዋለሁ። ተሰማዎት?»

«መቼ?»

እኔ በአንዱ ተረከዜ የሌላውን እግሬን ጣቶች እስኪያመኝ ድረስ ረገጥኳቸው።