በድሮው ሕግ የሞተው ፈረሰኛ

ጉለሌ እነዳዊት ቤት፣ ጓደኛዬ ዳዊትና እኔ ዳይስ እየጣልን ዘንዶ የምንዋጋበት ጨዋታ ነበረን፤ ሕጉን የምናነበው አጎቱ ከውጭ ካመጡለት መጽሐፍ ነው። ዳዊት በጨዋታው የሚመራው ፈረሰኛ በሞተ በሳምንቱ የተሻሻለው እትም መጣላችሁ። «በዚህኛው እኮ አልሞትኩም፤ ቁስለኛ ነኝ!» አለኝ ገጹን እየጠቆመ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ «በድሮው ሞተሃል፣ በቃ! ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም!» አልኩት።

የአፈሳ ሰሞን ስለነበር ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ዝም እንልና ደግሞ እንጨቃጨቃለን። በመጨረሻ «ዳቦ ገዝቼ ስመጣ እንጨርሰዋለን» ብሎ ተናዶ ወጣ። ከዳቦው ወረፋ ላይ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። እናቱ በየቀበሌው ሲዞሩ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን፣ የፈረሰኛውን ሁኔታ የምንጽፍበትን ወረቀት አነሳሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩትን «ሞቷል» ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ አጠፋሁና «ቁስለኛ» ብዬ ጻፍኩበት።