ቤት አለህ ወይ?

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ የጃፓን የፍቅር ካርቱን ታያለች። አጠገቧ ያሉ አንዲት እናት ጠየቋት።

«ይቺ ባለ ሮዝ ፀጉር ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ገንዘብ ወዳድ ናት፣ እትዬ። ሀብታም ካልሆነ አትወድም። አሁን ልጁ ነቃባትና ተዋት።»

«ምን አድርጓት ነው ገንዘብ የምትወደው?»

«እሱን አያሳዩም። የታላቅ ወንድሜ እጮኛም እንደሷ ናት። እንዳያገባት ልነግረው ነው የምሄደው።»

«ምን አደረገች?»

«ገና ሲተዋወቁ ቤት አለህ ወይ ብላ ጠየቀችው።»

«እኔም ባለቤቴን እንደዚያው ጠይቄዋለሁ። ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንንከራተት ነው ያደግኩት። እናቱ ያላሉኝ ነገር የለም።»

«ቤት ነበረው?»

«አልነበረውም። አገባሁትና አብረን ሠራን። እናቱም እኛው ቤት፣ ልጄ እያሉኝ ነው ያረፉት።»

ልጅቷ ካርቱኑን አቆመችው። ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዋጫ ልደርስ ነው። እሷንም ጥራትና ምሳ አብረን እንብላ።»

እኔ መጨረሻውን ልስማ ብዬ፣ መውረጃዬን እያየሁት ሳልፍ «ወራጅ አለ» አላልኩም።